የማህፀን በር እጢ ሲያጠራጥር የትኛውን የቲሹ ማርከር እናስቀድም?

ሬዚደንት ሦስተኛ ዓመት፦

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ መምህራንና የሙያ ባልደረቦች። በአንድ ናሙና ላይ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው። ታካሚዋ በሠላሳዎቹ መጨረሻ የምትገኝ፣ ሁለት የወለደችና ሌላ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ያላት ሴት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስኳመስ ሴል (የማህፀን በሩን ገጽ በሚሸፍነው ጠፍጣፋ ሴል) ለውጥ ምክንያት ሊፕ፣ ማለትም የተጎዳውን ክፍል በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ ማውጣት፣ ተሠርቶላታል። አሁን ከማህፀን በር ቦይ ተጠርጎ የመጣው ናሙና ትናንሽ ቁርጥራጮች ብቻ ሲሆኑ፣ በኤች ኤንድ ኢ (በተለመደው የቲሹ ማቅለሚያ) ስላይዱ ላይ አንዳንድ እጢዎች ኒውክለሶቻቸው የረዘሙ፣ የጠቆሩና እርስ በርስ የተደራረቡ ሆነው ይታያሉ። አጠገባቸው ያሉት መደበኛ እጢዎች ግን ኒውክለሳቸው ከታች በአንድ ረድፍ የተሰለፈ፣ ከላይ ንፍጥ የሞላባቸው ናቸው። ሚቶሲስ (በመከፋፈል ላይ ያለ ሴል) ፈልጌ በእርግጠኝነት ይህ ነው የምለው አላገኘሁም፤ ጠርዝ ላይ ያሉት ቁርጥራጮች ደግሞ ተጨፍልቀዋል።

ጥርጣሬዬ በሁለት ነገሮች መካከል ነው። አንደኛው አዴኖካርሲኖማ ኢን ሲቱ፣ ማለትም ከእጢው ወሰን ገና ያልወጣ ካንሰር ነው (ከዚህ በኋላ ኤአይኤስ እለዋለሁ)። ሁለተኛው ቲዩባል ሜታፕሌዥያ፣ ማለትም የማህፀን በር እጢ የማህፀን ቱቦን ሽፋን መልክ የሚይዝበት፣ ምንም ሕክምና የማይፈልግ ለውጥ ነው። እኛ ጋ ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ (ማርከር የምንላቸውን ፕሮቲኖች በአንቲቦዲ ቀልሞ የሚያሳይ ምርመራ) ስለማይሠራ ቤተሰቡ ብሎኩን (ናሙናው በሰም የተቀበረበትን) ይዞ ወደ ግል ላቦራቶሪ ሄዶ ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ከሁለት ወይም ከሦስት ማርከር በላይ ማዘዝ አይቻለኝም። የትኞቹን ላስቀድም? ፒ16 እና ኬአይ-67 ብቻቸውን ይበቃሉ ወይ?

አሮጌው ማይክሮስኮፕ፦

ዶክተር፣ ጥያቄውን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ማቅረብዎ ደግ አደረጉ። ማርከር ከማዘዝዎ በፊት ግን ብሎኩን ጠለቅ አድርገው ሁለት ሦስት ተጨማሪ ስላይድ ያስቆርጡና እንደገና ኤች ኤንድ ኢውን ይመልከቱ፤ ይህ ከማንኛውም ማርከር ይረክሳል፣ ብዙ ጊዜም ጥያቄውን እዚያው ይዘጋዋል።

በኤአይኤስ ውስጥ ሚቶሲሱ የሚገኘው ከእጢው ክፍት ቦታ በኩል፣ በሴሉ አናት ላይ ሲሆን፣ የሞቱ ሴሎች ስብርባሪ፣ ማለትም አፖፕቶሲስ፣ ደግሞ ከታች ይገኛል። ሁለቱን በአንድ እጢ ውስጥ ካገኙ ጥርጣሬዎ ግማሽ መንገድ ሄዷል። በተጨማሪም ኤአይኤስ በአንድ እጢ ውስጥ እንኳ በድንገት ይጀምራል፤ በአንድ በኩል ጤናማው ሴል፣ ቀጥሎ ያለ ምንም ሽግግር የጠቆረው ሴል ይታያል። በቲዩባል ሜታፕሌዥያ ግን ኒውክለሱ ቢደራረብም ሦስት ዓይነት ሴል ተቀላቅሎ ይታያል፦ ሲሊያ (ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገር) ያላቸው፣ የሚያመነጩና ቀጫጭን ሆነው በመካከል የተሰነቀሩ። ሲሊያ ፍለጋ ኮንደንሰሩን ዝቅ አድርገው በትልቁ ሌንስ ታግሰው ይፈልጉ። ሲሊያ ያለው ኤአይኤስ የለም አልልም፤ ነገር ግን እጅግ ብርቅ ስለሆነ ሲሊያ ማግኘት ሚዛኑን ወደ ጤናማው ያደላዋል። በአንጻሩ ጎብሌት ሴል (ንፍጥ የሞላው የአንጀት ዓይነት ሴል) በማህፀን በር እጢ ውስጥ ካዩ፣ ሌላው ነገር ምንም ያህል የዋህ ቢመስል፣ አንጀት መሰል ኤአይኤስን ሳያስቡ አይለፉ።

ከዚህ በኋላም ከተጠራጠሩ፣ ለያዙት ጥያቄ ፒ16 እና ኬአይ-67ን አብሮ ማዘዝ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አብዛኛው የማህፀን በር ኤአይኤስ የሚመጣው ኤችፒቪ ከተባለው ቫይረስ፣ በተለይም ከዓይነት 16፣ 18 እና 45 ነው። የቫይረሱ ኢ7 የተባለው ፕሮቲን የሴሉን መከፋፈል የሚገታውን አርቢ የተባለ ፕሮቲን ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። በመደበኛ ሴል ውስጥ ፒ16ን ጋብ አድርጎ የሚይዘው አርቢ ስለሆነ፣ እሱ ሲታሰር ፒ16 ያለ ልክ ይከማቻል። ስለዚህ ፒ16 እዚህ ላይ የሚነግረን ስለ ካንሰር በቀጥታ ሳይሆን ቫይረሱ የሴሉን ዑደት መቆጣጠሩን ነው። ኬአይ-67 ደግሞ በመከፋፈል ዑደት ውስጥ ያሉትን ሴሎች ሁሉ ያሳያል፤ ዕረፍት ላይ ያለ ሴል አይቀለምም። በተለመደው ኤአይኤስ ከ30 በመቶ በላይ የሆኑ የእጢ ሴሎች ሲቀለሙ፣ በቲዩባል ሜታፕሌዥያ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ናቸው። በመካከሉ የሚወድቁ ናሙናዎች አሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ለብቻው ነጥለው አይያዙት።

ፒ16ን ሲያነቡ «ተቀልሟል ወይስ አልተቀለመም» ብለው አይጠይቁ። መጠየቅ ያለበት እንዴት ተቀለመ የሚለው ነው። ኒውክለሱም ሳይቶፕላዝሙም በጠንካራው ተቀልሞ፣ ሴል ከሴል ሳይዘል በተከታታይ ሲሄድ «ብሎክ» ይባላል። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ከኮልፖስኮፒ (የማህፀን በርን በማጉያ የመመልከት) ማህበሩ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን አነባበብ ያወጡት ለስኳመስ ለውጥ ቢሆንም፣ መርሁ በእጢም ላይ ይሠራል። ቲዩባል ሜታፕሌዥያና ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ያለ ቦታው ሲገኝ) ፒ16 አላቸው፤ ነገር ግን አንዱ ሴል ጠቁሮ ጎረቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ዳማ ሜዳ መስሎ ነው የሚታየው። ይህንን «ፖዘቲቭ» ብሎ መጻፍ በዚህ ዘርፍ ከማየው የንባብ ስሕተት ሁሉ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ነው።

ሂስቶቴክ፦

ዶክተሮች ስለ ንባቡ ተነጋገሩ፤ እኔ ከስላይዱ በፊት ስላለው ልጨምር። ናሙናው ጥቃቅን ከሆነ ብሎኩ ላይ ያለው ቲሹ በጥቂት ቁርጥ ሊያልቅ ይችላል። ኤች ኤንድ ኢ ጠለቅ ተደርጎ በሚቆረጥበት ቀን፣ ብሎኩ ከማይክሮቶሙ (ከመቁረጫ መሣሪያው) ሳይወርድ በዚያው መካከል የሚገኙትን ቁርጦች ባልተቀለመ ቻርጅድ (ቲሹን አጥብቆ የሚይዝ) ስላይድ ላይ አስቀምጡልን ብለው ይጠይቁ። ብሎኩ ወርዶ እንደገና ሲሰቀል ፊቱን ለማስተካከል ብቻ የሚጠፋው ቲሹ ሲፈለግ የነበረውን እጢ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ተራ ስላይድ ላይ የተቀመጠ ቁርጥ ደግሞ አንቲጂኑን ለማውጣት በሚፈላው ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ተልጦ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፎርማሊን ነው። ናሙናው በ10 በመቶ በፈር ባለው ፎርማሊን ውስጥ በአግባቡ ካልተቀመጠ፣ ለምሳሌ ፎርማሊኑ አሮጌና አሲዳማ ከሆነ ወይም ናሙናው ሳምንታትን በጠርሙሱ ውስጥ ካሳለፈ፣ በተለይ ኬአይ-67 ይደክማል። ያን ጊዜ የሚወጣው ዝቅተኛ ቁጥር የታካሚዋ አይደለም፣ የፎርማሊኑ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ሲመጣ ከስላይዱ ጋር የተቀለመውን መቆጣጠሪያ ቲሹ ሳያዩ አይቀበሉ። ከዚያም ባለፈ እዚያው ናሙና ውስጥ ያለውን ይመልከቱ፦ የስኳመሱ ሽፋን የታችኛው ረድፍ አጠገብ ያሉ ሴሎችና ሊምፎሳይቶች በኬአይ-67 መቀለም አለባቸው። እነሱ ባዶ ከሆኑ ማርከሩ አልሠራም።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1983 የተገለጸው የመጀመሪያው የኬአይ-67 አንቲቦዲ የሚሠራው በቀዘቀዘ (ፍሮዝን) ቲሹ ላይ ብቻ ነበር። ዛሬ በፓራፊን ብሎክ ላይ የምንጠቀመው በኋላ የመጣው ሚብ-1 የተባለው ክሎንና የሙቀት ዝግጅቱ ስላሉ ነው። ሙቀቱ ሲጓደል ማርከሩም አብሮ ይጓደላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በሴቶች ፓቶሎጂ ላይ እሠራለሁ። ከላይ የተባለው ለቀረበው ጥያቄ ልክ ነው፤ ሆኖም «ፒ16 ኔጋቲቭ ከሆነ ሰላም ነው» የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው እፈራለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምደባ የማህፀን በር አዴኖካርሲኖማን በሁለት ከፍሎታል፦ ከኤችፒቪ ጋር የተያያዘና ያልተያያዘ። ካልተያያዙት መካከል ዋነኛው የጨጓራ ዓይነት የሚባለው ሲሆን፣ ስለ እሱ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከጃፓን ፓቶሎጂስቶች ሥራ ነው። ይህ ካንሰር ኤችፒቪ ስለሌለው ፒ16 ብዙውን ጊዜ ኔጋቲቭ ወይም የተቆራረጠ ነው። ይባስ ብሎ ከጤናማው እጢ ጋር በጣም የሚመሳሰለው መልኩ፣ ቀድሞ አዴኖማ ማሊግነም ይባል የነበረው፣ ሴሎቹ እጅግ ጤናማ መስለው፣ ኬአይ-67ም ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ፒ16 ኔጋቲቭ፣ ኬአይ-67 ዝቅተኛ፤ በሁለት ማርከር ብቻ ያየ ሰው «ጤናማ» ብሎ ይፈርማል። በሽታው ግን ከተለመደው ዓይነት የባሰ ጠባይ ያለው፣ ወደ ኦቫሪና ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን የመሰራጨት ልማድ ያለው ነው።

ስለዚህ ሴሎቹ ሰፊና ጠራ ያለ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ሳይቶፕላዝም ካላቸው፣ ወሰናቸው በግልጽ ከታየ፣ እጢዎቹም ከተለመደው ጥልቀት በታች ከወረዱ ወይም ታካሚዋ ውኃ የመሰለ ብዙ ፈሳሽ አለብኝ ካለች፣ ፒ53 (ካንሰርን የሚገታ ፕሮቲን) እና ኢአር (የኢስትሮጅን ተቀባይ) ይጨመሩ። ፒ53 ወይ ሁሉም ሴል በጠንካራው ሲቀለም ወይ ጭራሽ ሲጠፋ ነው የተበላሸ የሚባለው፤ በጨጓራው ዓይነት በግማሽ ያህሉ እንዲህ ይሆናል። ፒ53 መደበኛ መሆኑ ግን ነጻ አያወጣም። ገንዘብ ለሌለበት ቦታ ደግሞ የተረሳ አንድ መንገድ አለ፦ አልሺያን ብሉና ፓስ የተባሉት ሁለት ማቅለሚያዎች በአንድ ስላይድ ላይ። የማህፀን በር መደበኛ ንፍጥ አሲዳማ ስለሆነ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ሲሆን፣ የጨጓራው ዓይነት ንፍጥ ቀይ ሮዝ ይሆናል። አንቲቦዲ አይፈልግም፤ ማንኛውም ሂስቶሎጂ ክፍል ኬሚካሉ ካለው ይሠራዋል። ማስታወስ ያለብን ቀዩ ንፍጥ የሚያሳየው የጨጓራ መልክ መኖሩን ብቻ ነው፤ ሎቡላር ሃይፐርፕሌዥያ የተባለው ጤናማ ለውጥም ያንኑ ቀለም ይይዛል።

ሬዚደንት ሦስተኛ ዓመት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኔ ናሙና ሳይቶፕላዝሙ ጠባብና ንፍጡ የጎደለ ስለሆነ የጨጓራውን ዓይነት አይመስልም። አንድ ነገር ልጠይቅ። በቆዩ መጻሕፍት ላይ ቢሲኤል-2፣ ቪሜንቲን እና ሲኢኤ ለዚሁ ጉዳይ ይመከራሉ። ሦስተኛ ማርከር ማዘዝ ከቻልኩ ከእነዚህ አንዱን ልውሰድ ወይስ ኢአርን? ላቦራቶሪው ቢሲኤል-2 ሲጠፋ ከውጭ ነው የሚያስመጣው።

አሮጌው ማይክሮስኮፕ፦

ቢሲኤል-2 በቲዩባል ሜታፕሌዥያ በብዛት በመላው ሲቀለም በኤአይኤስ ይጠፋል ወይም ይቆራረጣል፤ በእጅ ካለ ጥሩ ሦስተኛ ነው። ቪሜንቲንም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፦ ሜታፕሌዥያውና ኢንዶሜትሪዮሲሱ ይይዙታል፣ ኤአይኤስ አብዛኛውን ጊዜ አይይዘውም። ሲኢኤን እኔ ለዚህ ጥያቄ ትቼዋለሁ። ጤናማው እጢም አናቱ ላይ መስመር አድርጎ ይቀለማል፤ ኤአይኤሱም ሁልጊዜ ሳይቶፕላዝሙን አይሞላም፤ ክርክር ያበዛል እንጂ አይፈታም።

ግን እዚህ አገር ሁኔታ ላይ ቆሜ ስፈርድ ሦስተኛው ኢአር ይሁን እላለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ኢአርና ኬአይ-67 የጡት ካንሰር ማርከሮች ስለሆኑ፣ ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የጀመረ ላቦራቶሪ ሁሉ በቅድሚያ የሚያከማቸው እነርሱን ነው። በየጊዜው ስለሚሠሩ እጅም ለምዷቸዋል፣ መቆጣጠሪያቸውም የታወቀ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የሚቀለም ቢሲኤል-2 ላይ ካለኝ እምነት በየቀኑ በሚሠራው ኢአር ላይ ያለኝ ይበልጣል። ቲዩባል ሜታፕሌዥያና ኢንዶሜትሪዮሲስ ኢአርን በኒውክለሳቸው አጥብቀው ይይዛሉ፤ ኤአይኤስ አብዛኛውን ጊዜ ያጣዋል ወይም ይቀንሰዋል፤ የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ ያነሡት የጨጓራ ዓይነትም ኔጋቲቭ ነው። በአንድ ማርከር ሁለቱንም በር ማንኳኳት ማለት ነው። በእርግጥ ኢአር ያልጣለ ኤአይኤስ አለ፤ ስለዚህ ኢአር ምስክር እንጂ ዳኛ አይሁን።

ለጨጓራው ዓይነት የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ተቀብያለሁ። ግን ፒ53ን ለእያንዳንዱ አጠራጣሪ እጢ ማዘዝ በዚህ የገንዘብ ሁኔታ አልደግፈውም፤ የኤች ኤንድ ኢው መልክ ሲያስገድድ ብቻ ይታዘዝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

በዚህ አንጣላም። እዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ቁልፍ ስለሚታዘዝ ሰው አሥር ማርከር አዝዞ እርስ በርሱ የሚጋጭ ውጤት ታቅፎ ሲቀመጥ አያለሁ፤ መብዛቱ በራሱ ጥቅም አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ኢአር ኔጋቲቭ መሆን ለብቻው ካንሰር ማለት አይደለም። በማህፀን በር ጎንና ጎን፣ ግድግዳው ውስጥ ጠልቀው የሚገኙት የሜዞኔፍሪክ ቅሪቶች (ከፅንስ ዘመን የተረፉ ቱቦዎች) ኢአር የላቸውም፤ ጤናማ ናቸው። ትናንሽ ክብ ቱቦዎች ሆነው በመካከላቸው ደማቅ ሮዝ ፈሳሽ ቋጥረው ይታያሉ፤ ጋታ-3 የተባለውን ማርከር ይይዛሉ፤ ፒ16 አይይዙም ወይም ይቆራረጥባቸዋል። በኮን (የማህፀን በርን በሾጣጣ ቅርጽ ቆርጦ በማውጣት) እና በማህፀን መውጣት ናሙና ላይ እንጂ በጠረጋ ላይ ብዙም አያጋጥሙም።

የማህፀን ሐኪም፦

ከወዲያኛው ወገን፣ ናሙናውን ከምንልከው በኩል፣ ጥቂት ልበል። በመጀመሪያ ጥፋቱ የእኛ የሆነ ነገር አለ፦ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «የማህፀን በር ባዮፕሲ» ብለን ብቻ እንልካለን። ታካሚዋ ነፍሰ ጡር ናት ወይ፣ በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወስዳለች ወይ፣ ቀደም ሲል ሊፕ ወይም ኮን ተሠርቶላታል ወይ፣ የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ ነበር፤ እነዚህ አራቱ ከማርከሩ ያልተናነሰ መረጃ ይሰጣሉ። በእርግዝናና በፕሮጄስትሮን ሥር ማይክሮግላንዱላር ሃይፐርፕሌዥያ ይበዛል፤ በእርግዝና የአሪያስ-ስቴላ ለውጥ አለ (ሁለቱም ጤናማ ሆነው ካንሰር ሊመስሉ ይችላሉ)፤ ከኮን በኋላ በጠባሳው ዙሪያ ቲዩባል ሜታፕሌዥያ የተለመደ ነው። የዚህች ታካሚ ታሪክ ውስጥ ሊፕ መኖሩ ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ ይስባል፦ ሜታፕሌዥያውን ያብራራል፣ ኤችፒቪም እንደነበረባት ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ለእኛ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሜታፕሌዥያ ከሆነ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ኤአይኤስ ከሆነ ቢያንስ ኮን ያስፈልጋታል፤ መውለድ ለማትፈልግ ሴት የሚመከረው ከዚያ በኋላ ማህፀን ማውጣት ነው። በአሴቲክ አሲድ የምናደርገው ምርመራ የሚያሳየን ላይኛውን ገጽ ስለሆነ ቦይ ውስጥ የተደበቀውን እጢ አናየውም። ስለዚህ በዚህ በሽታ ዓይናችን እናንተ ናችሁ። «አቲፒካል እጢዎች፣ ከክሊኒኩ ጋር ይገናዘብ» የሚል ሪፖርት ሲመጣልን ምን እናድርግ?

ታዛቢ፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። የእህቴ የባዮፕሲ ወረቀት ላይ «ፒ16 ፎካል ፖዘቲቭ» ይላል። እዚህ ያነበብኩት አስፈራኝ። ካንሰር ነው ማለት ነው?

አሮጌው ማይክሮስኮፕ፦

ወንድሜ፣ «ፎካል» ማለት እዚህም እዚያም ተቆራርጦ ተቀልሟል ማለት ነው። ይህ ከላይ «ብሎክ» ካልነው የተለየ ነው፤ በጤናማ እጢም ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ለብቻው ካንሰር ማለት አይደለም። ነገር ግን ውጤት በአንድ መስመር አይነበብም። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ዲያግኖሲስ» ተብሎ የተጻፈውን ይመልከቱና ከሐኪሟ ጋር ይዛችሁት ቅረቡ፤ ካልተግባባችሁም ብሎኩና ስላይዱ ለሌላ ፓቶሎጂስት ሊታይ እንደሚችል ይጠይቁ። ብሎኩ የእህትዎ ቲሹ ነውና ይህን መጠየቅ መብቷ ነው።

የማህፀን ሐኪሙ ላነሡት መልስ ልስጥ። «አቲፒካል» ብሎ መተው አንዳንድ ጊዜ ግዴታ ነው፤ ናሙናው ከተጨፈለቀ ከዚያ በላይ መናገር ውሸት ይሆናል። ቢሆንም ለምን እንዳልወሰንን መጻፍ እንችላለን፦ «ቲሹው አንሷል»፣ «ኬአይ-67 መካከለኛ ነው»፣ «የቦይ ጠረጋ ተደግሞ ይላክ»። ይህ ሐኪሙ ቀጥሎ የሚያደርገውን ይነግረዋል።

ሬዚደንት ሦስተኛ ዓመት፦

ውጤቱ መጥቷል፤ የተጠበቀውን ያህል ግልጽ አይደለም። ሂስቶቴክ እንደመከሩት ያልተቀለሙት ስላይዶች ከጥልቁ ቁርጥ ጋር አብረው ተወስደዋል። በብዙዎቹ እጢዎች ፒ16 አንድ ሴል ይዞ አንድ ሴል ይዘላል፤ ኬአይ-67 ጥቂት ሴሎች ላይ ብቻ ነው፤ ኢአር ጠንካራ ነው። በጥልቁ ኤች ኤንድ ኢ ላይ በእነዚሁ እጢዎች ሲሊያ በግልጽ አየሁ። ነገር ግን በሌላ ቁርጥራጭ ላይ ጥቂት እጢዎች ፒ16ን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቋርጡ ጠቁረው ይዘዋል፤ በእነርሱ ላይ ኬአይ-67 ከግማሽ በላይ ሴሎችን ይዟል፤ ኢአር የለም ማለት ይቻላል። መቆጣጠሪያው ቲሹ ልክ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ኤች ኤንድ ኢው ተመልሼ ያንኑ ቁርጥራጭ ሳየው፣ አናት ላይ ሁለት ሚቶሲስና ከታች የአፖፕቶሲስ ብናኝ አገኘሁ፤ በአንድ እጢ ውስጥም ከጤናማው ወደ ጠቆረው የሚደረገው ሽግግር ድንገተኛ ነው። ሁለቱም በአንድ ናሙና ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው?

አሮጌው ማይክሮስኮፕ፦

ይችላሉ፤ ብርቅም አይደለም። እንዲህ ያለ ናሙና ላይ «አብዛኛው ጤናማ ነው» የሚለው አማካይ ፍርድ ታካሚዋን ይጎዳል፤ ፒ16ን እጢ በእጢ ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ማርከሩ ያደረገው ትልቁ ነገር ዓይንዎን የት እንደሚመልሱ ማሳየቱ ነው። ዲያግኖሲሱን የሚሸከሙት ግን ያገኟቸው ሚቶሲስና ድንገተኛው ሽግግር ናቸው።

ሪፖርቱን በዚህ መልክ ቢጽፉት እመክራለሁ፦ «አዴኖካርሲኖማ ኢን ሲቱ፣ ከኤችፒቪ ጋር የተያያዘ ዓይነት፣ በአንድ ቁርጥራጭ ላይ፤ ፒ16 ብሎክ፣ ኬአይ-67 ከፍተኛ፣ ኢአር የጠፋ። በሌሎቹ ቁርጥራጮች ቲዩባል ሜታፕሌዥያ። በዚህ ናሙና ወደ ውስጥ የዘለቀ ካንሰር አልታየም፤ ናሙናው አነስተኛና የተበጣጠሰ ስለሆነ መኖሩን አያስቀርም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በምንም ምክንያት አይተዉት። ፒ16ም ኬአይ-67ም ኤአይኤስን ወደ ውስጥ ከዘለቀው አዴኖካርሲኖማ አይለዩም፤ ሁለቱም በእኩል ይቀለማሉና። ያንን የሚለየው የእጢው አቀማመጥና የስትሮማው (በዙሪያው ያለው ደጋፊ ቲሹ) ምላሽ ሲሆን፣ የሚታየውም ሙሉ በሆነ ኮን ላይ ነው።

የማህፀን ሐኪም፦

እንዲህ ያለ ሪፖርት ለእኛ በቂ ነው። ታካሚዋ መውለድ ስለምትፈልግ የሚጠብቃት ኮን ነው። ከተቻለ በቢላዋ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ቢወጣ ይመረጣል፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ከተቆራረጠ ጠርዙ ይቃጠልና እናንተም ማንበብ ይቸግራችኋል። ከኮኑ በላይ የቀረውን ቦይ ጠርገን ለብቻው እንልካለን። 12 ሰዓት አቅጣጫ ላይ ክር እናስርበታለን።

አሮጌው ማይክሮስኮፕ፦

ክሩ ከታሰረልን ኮኑ ጠርዙ በቀለም ተቀብቶ፣ ተከፍቶ፣ ሙሉ በሙሉ በሰዓት አቅጣጫ ተቆርጦ በተለያየ ካሴት ይግባ፤ አንድም ቁራጭ በጠርሙሱ ውስጥ አይቅር። ኤአይኤስ እየዘለለ የሚሄድበት ጊዜ ስላለ፣ ጠርዙ ንጹሕ በሆነባቸው ሴቶችም ከአምስት በአንዷ ገደማ ከኮኑ በላይ ቅሪት ይገኛል፤ ጠርዙ ከተነካ ደግሞ በግማሽ ገደማ። ስለዚህ የላይኛው የቦይ ጠርዝ ላይ ያሉት እጢዎች ተቃጥለው ወይም ተጨፍልቀው የሚያጠራጥሩ ከሆነ፣ ለማርከር የተረፈው ገንዘብ እዚያ ጠርዝ ላይ ይዋል። ፒ16 በተቃጠለ ጠርዝ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ የኮኑ መካከል በኤች ኤንድ ኢ ግልጽ ከሆነ ማርከር አያስፈልገውም። ዶክተር፣ ኮኑ ሲደርስ የጠርዙን ስላይድ ፎቶ እዚሁ ይለጥፉልን።